ሦስት ዓመት ያልሞላቸው የጀልባ መቀመጫዎች፦ የቪኒል ልባስ ያለጊዜው የተበላሸበትና የተተካበት ሁኔታ

ይህ ጽሑፍ በአንዲት የመዝናኛ ጀልባ ላይ የተገጠሙ የቪኒል መቀመጫዎች ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው ለምን እንደተበላሹ፣ የብልሽቱ ኃላፊነት በሻጩና በገዢው መካከል እንዴት እንደተከፈለና መቀመጫዎቹ በመጨረሻ በምን ዓይነት ሥራ እንደተተኩ የሚያስረዳ ነው። ጀልባዋ የምትሠራው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ቢሾፍቱ፣ በባቦጋያ ሐይቅ ላይ ቢሆንም ጉዳዩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የታየው መሀል አዲስ አበባ ውስጥ ነው። የባለቤቶቹ ቢሮ ፒያሳ፣ ጀልባዋን ያስመጣው ድርጅት ቢሮ ቸርችል ጎዳና ላይ ነበር፤ መቀመጫዎቹ የተፈቱበትና እንደገና የተሠሩበት ቤት ደግሞ ከሶማሌ ተራ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ይገኛል። እኔ የተጠራሁት ሁለቱ ወገኖች ደብዳቤ መጻጻፍ ከጀመሩ በኋላ ሲሆን የብልሽቱን መንስኤ መርምሬ በጽሑፍ እንዳቀርብ ሁለቱም ተስማምተው ነበር። ክርክሩ በስምምነት ስላለቀ የማንንም ስም መጥቀስ አያስፈልግም።

የመቀመጫዎቹ አቀማመጥና ይዞታ

ጀልባዋ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. አዲስ ሆና የተገዛች፣ አካሏ ከፋይበርግላስ የተሠራ፣ መሀሏን ብቻ የሚሸፍን የሸራ ጣሪያ ያላት ናት። መቀመጫዎቿ ሁሉም ነጭ ቪኒል የለበሱ ሲሆኑ በሦስት ቦታ ተከፍለው የተገጠሙ ናቸው። ከፊት ያሉት ሁለቱ ከጣሪያው ውጭ ስለሆኑ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ታገኛቸዋለች። መሀል ያሉት አራቱ ከጣሪያው ሥር ናቸው። ከኋላ ሞተሩ አጠገብ ያለው ረጅም አግዳሚ እንደ ፊተኞቹ ሁሉ ለፀሐይ የተጋለጠ ነው፤ ነገር ግን የዕቃ ማስቀመጫ ሣጥን ክዳን ሆኖ ስለተሠራ ከሥሩ ክፍት ነው፣ አየርም ያገኛል። ይህ የአሠራር ልዩነት ሲታይ ትንሽ ቢመስልም ኋላ ላይ ከሁሉ የበለጠው ማስረጃ የተገኘው ከእሱ ነው። ከነዚህ ሌላ ከጀልባዋ ጋር አብሮ የመጣ አንድ ትርፍ ትራስ ነበር፤ ይህ ትራስ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ከሣጥን አልወጣም ማለት ይቻላል።

ባለቤቶቹ ለሻጩ የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፉት በግንቦት 2016 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ የፊተኞቹ ሁለት መቀመጫዎች ቪኒል ቢጫ ሆኖ፣ ደርቆና ጠንክሮ፣ በተለይ በስፌቱ መስመር ግራና ቀኝ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ክሩም በብዙ ቦታ ተበጥሷል። የመሀለኞቹ አራቱ ቪኒል ልስላሴውን ያልለቀቀና ምንም ስንጥቅ የሌለበት ቢሆንም ደብዛዛ ሮዝ ነጠብጣብ ወርሶታል፤ ሰው ሲቀመጥበትም ከስፌቱ ውሃ ይወጣ ነበር። የኋላው አግዳሚ ቪኒል ጥቂት ቢጫ ከመምታቱ በቀር ደህና ሆኖ ሳለ የላይኛው ስፌት ክር ግን በእጅ ሲሳብ ይበጠስ ነበር። ትርፉ ትራስ እንደ አዲስ ነው።

ሻጩ የሰጠው የጽሑፍ ዋስትና ለመቀመጫዎች 3 ዓመት የሚል ሲሆን «ተገቢ ባልሆነ የጽዳት ዕቃ የሚመጣ ጉዳት» ከዋስትናው ውጭ መሆኑን ይገልጻል። ባለቤቶቹ ዕቃው ከመጀመሪያውም ጥራት የሌለው ነው ብለው ሁሉም መቀመጫዎች በአዲስ እንዲተኩላቸው ጠየቁ። ሻጩ በበኩሉ ሠራተኛ ልኮ ጀልባዋ ውስጥ የተገኘውን የበረኪና ጠርሙስ ፎቶግራፍ ካስነሳ በኋላ ዋስትናው በዚሁ ምክንያት ፈርሷል ሲል መለሰ። ባለቤቶቹ በረኪና መጠቀማቸውን አልካዱም፤ ሮዙ ነጠብጣብ በሳሙና አልለቅ ስላለ ሐይቁ ዳር ያለው ሠራተኛ በየሳምንቱ በበረኪና ይፈትግ እንደነበር ራሳቸው ጽፈዋል። እንግዲህ ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት ነበራቸው። ሁለቱም ያላዩት ግን የነገሮቹን ቅደም ተከተል ነው፤ ማለትም በረኪናው የመጣው ከምን በኋላ እንደሆነና እሱን የጠራው ምን እንደሆነ አልመረመሩም።

ምርመራው

መቀመጫዎቹ ተፈትተው ወደ አዲስ አበባ መጥተው በአንድ የታፒሰሪ ቤት፣ ማለትም የመኪና መቀመጫ በሚያለብሱ ባለሙያዎች ዘንድ፣ ተራ በተራ ተከፈቱ። በከተማችን የጀልባ መቀመጫ ብቻ የሚሠራ ቤት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል፤ ሆኖም የሚኒባስና የአውቶቡስ መቀመጫ ሲፈቱና ሲያለብሱ የኖሩ እጆች ለዚህ ሥራ አያንሱም። የቤቱ አንጋፋ ባለሙያ ከመሀለኞቹ አንዱን አንሥተው ክብደቱን እንደመዘኑ፣ ልባሱን ከላይ ስመረምር አይተው «ልጄ፣ የዚህኛው ነገር ከላይ አይደለም፤ ገልብጠህ እየው» አሉኝ። ሲገለበጥ የታችኛው ፊት ጥቁር ፕላስቲክ የተለጠፈበት ሲሆን ፕላስቲኩ ሲቀደድ የጠቆረ ውሃ ፈሰሰ።

ከፕላስቲኩ በላይ ያለው የኮምፔንሳቶ መደብ ጠርዙ ቀለምም ሆነ ቫርኒሽ ያልነካው ስለነበር አብጦ ንጣፍ በንጣፍ ተላቆ ነበር። ውሃ የሚያወርድ አንድም ቀዳዳ አልነበረውም። ቪኒሉን ከእንጨቱ ጋር የያዙት ስቴፕሎች ተራ ብረት ስለሆኑ ዝገው ገሚሶቹ በጣት ሲነኩ ይሰበሩ ነበር። ስፖንጁ እርስ በርሳቸው የተያያዙ ክፍት ቀዳዳዎች ያሉት የተለመደው የቤት ዕቃ ስፖንጅ ነው፤ እንዲህ ያለ ስፖንጅ ውሃ እንደልቡ ይመጥጣል፣ መውጫ ካላገኘ ግን ለሳምንታት ይዞት ይቆያል። ውሃው የሚገባው በስፌቱ በኩል ነው። ቪኒል ራሱ ውሃ ባያስገባም መርፌ ያለፈበት ቦታ ሁሉ ቀዳዳ ነው፤ ስለዚህ በጀልባ መቀመጫ ላይ ውሃ እንዳይገባ ማድረግ አስተማማኝ አይደለም፣ የሚቻለው የገባው እንዲወጣ ማድረግ ነው። የነዚህ መቀመጫዎች ሠሪ ይህን ገልብጦ አሰበ፦ ከላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ የመርፌ ቀዳዳዎችን ትቶ ከታች በፕላስቲክ ዘጋው።

ሮዙ ነጠብጣብ የመጣው ከዚህ ነው። እርጥብ ስፖንጅ ውስጥና በቪኒሉ ጀርባ ባለው ጨርቅ ላይ የሚራቡ ረቂቅ ተሕዋስያን ቀለም ያመነጫሉ፤ ቀለሙም ቪኒሉን በሚያለሰልሰው ዘይት መሰል ኬሚካል ውስጥ ስለሚሟሟ ከሥር ወደ ላይ ሰርጎ በልባሱ ፊት ይታያል። ከላይ ቢፈተግ የማይለቀውም ለዚህ ነው፤ እድፉ የተቀመጠው በቪኒሉ ላይ ሳይሆን በቪኒሉ ውስጥ ነው። በረኪና ለጊዜው ያደበዝዘው ይሆናል፤ ምንጩ ግን ከሥሩ ስላለ ተመልሶ ይመጣል፣ ሠራተኛውም ተመልሶ ይፈትጋል።

በረኪናው በቪኒሉ ላይ ያደረሰውን ጉዳት ለመረዳት ዕቃው ከምን እንደተሠራ ማወቅ ይጠቅማል። ቪኒል የሚባለው ልባስ ፒቪሲ ነው፤ የውሃ ቧንቧ ከሚሠራበት ጋር አንድ ዓይነት ፕላስቲክ ማለት ነው። ፒቪሲ በተፈጥሮው ደረቅና ተሰባሪ ሲሆን እንደ ቆዳ እንዲተጣጠፍ የሚያደርገው የተቀላቀለበት ማለስለሻ ኬሚካል ነው። ይህን መንገድ በ1926 እ.ኤ.አ. ያገኘው ዋልዶ ሴሞን የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ነው። ማለስለሻው ከፒቪሲው ጋር በኬሚካል የተጣመረ ሳይሆን በውስጡ የተዋጠ ብቻ በመሆኑ ሙቀትና ጊዜ ቀስ በቀስ ያወጡታል፤ ሲወጣም ዕቃው ወደ ቧንቧነቱ ይመለሳል። ይህን መውጣት የሚያዘገየው በልባሱ ፊት ላይ የተቀባው ስስ መከላከያ ሽፋን ሲሆን ከአልትራቫዮሌት ጨረር የሚከላከሉት ቅመሞች ደግሞ በሽፋኑና በቪኒሉ አካል ውስጥ ይጨመራሉ። ያ ስስ ሽፋን በበረኪናና በሻካራ ቡሩሽ ተፈግፍጎ ካለቀ ቪኒሉ ለፀሐይ ራቁቱን ይቀራል።

ፀሐዩ ደግሞ ቀላል አይደለም። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአልትራቫዮሌት ጨረር ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከምድር ወገብ ከ9 ዲግሪ ባነሰ ርቀት ላይ ስለምንገኝ የቀትር ፀሐይ በዓመቱ አብዛኛው ክፍል ከአናት ብዙም አትርቅም፤ የጨረሩ መለኪያም የዓለም ጤና ድርጅት እጅግ ከፍተኛ ብሎ ከመደበው ከ11 በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው። በዝቅተኛ ቦታ ለሚገኝ ሐይቅ ወይም በዓመት ጥቂት ወር ብቻ ፀሐይ ለሚያይ አገር ተብሎ የተሰፋ መቀመጫ እዚህ ሲመጣ ዕድሜው ማጠሩ አያስደንቅም።

ይሁንና «ፀሐይ በላው» የሚለው የተለመደ መልስ በዚህ ጉዳይ ላይ ብቻውን አይበቃም። መቀመጫዎቹ የተገጠሙበት ሁኔታ ሆን ተብሎ የተዘጋጀ ሙከራ የሚመስል ንጽጽር ሰጥቶናል። የፊተኞቹ ፀሐይም በረኪናም አግኝቷቸዋል፤ ቪኒላቸው ተሰነጠቀ። የመሀለኞቹ በረኪና እንጂ ፀሐይ አላገኛቸውም፤ ቪኒላቸው ፊቱ ከመደብዘዙ በቀር አልተሰነጠቀም። የኋላው አግዳሚ ከሥሩ አየር ስለሚያገኝ ስፖንጁ ደረቅ ነበር፤ ስለዚህ ሮዝ ነጠብጣብ አልወጣበትም፣ ነጠብጣብ ስላልነበረበትም ሠራተኛው በበረኪና ሊፈትገው ምክንያት አላገኘም። እሱም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ እየመታው ሳይሰነጠቅ ቀርቷል። ትርፉ ትራስ ሁለቱንም አላየም፤ እንደ አዲስ ነው፤ ይህም ዕቃው በዕድሜ ብቻ የሚበላሽ እንዳልነበረ ያሳያል። የአንዲት ጀልባ መቀመጫዎች ለሌላ ጀልባ ሁሉ ሕግ ሊሆኑ አይችሉም፤ ለተነሣው ክርክር ግን በቂ ነበሩ። በፊተኞቹ መቀመጫዎች ላይ ተጨማሪ ማረጋገጫ የተገኘው ከሥር ታጥፎ ከተሰፋው የቪኒል ጠርዝ ነው፦ ከዚያው ጥቅል የተቆረጠው ይህ ጠርዝ ብርሃን ስላላየ በጣት ሲታጠፍ እንደ መጀመሪያው ለስላሳ ነበር።

ክሩ ከዚህ ሁሉ ተለይቶ መታየት ነበረበት። በፊተኞቹም በኋላውም አግዳሚ ላይ ክሩ ተበጣጥሷል፤ የኋላው በረኪና ስላልነካው ጥፋቱ የፀሐይ ነው። ክሩ ሲቃጠልና ሲመረመር ናይለን ሆኖ ተገኘ። ናይለን ሲሰፋ ጠንካራና ለእጅ የሚመች ክር ቢሆንም ከቤት ውጭ ለሚውል ዕቃ ከፖሊስተር ይልቅ ፈጥኖ በጨረር ይዳከማል። በዚህ ላይ ስፌቱ እጅግ የተቀራረበ ነበር፤ ቪኒል ላይ የተጠጋጋ ስፌት ጥንካሬ የሚጨምር ይመስላል እንጂ በእውነቱ ልባሱን እንደ ፖስታ ቴምብር ጠርዝ ይበሳሳዋል፤ የፊተኞቹ ስንጥቅ የስፌቱን መስመር ተከትሎ የሄደውም ስለዚህ ነው።

ኃላፊነቱ እንዴት እንደተከፈለ

በጽሑፍ ያቀረብኩት መደምደሚያ ይህ ነበር። መነሻው የሠሪው የአሠራር ጉድለት ነው፤ ከታች የታሸገ መደብ፣ ያልተቀባ እንጨት፣ የሚዝግ ስቴፕል፣ ለውጭ የማይሆን ክር። ውሃው እድፉን አመጣ፤ እድፉ በረኪናውን አመጣ፤ በረኪናው ፀሐይን አስገባ። ስለዚህ ሻጩ በበረኪናው ብቻ ከኃላፊነት ሊወጣ አይችልም፤ የመሀለኞቹ መቀመጫዎች ያለ በረኪናም ቢሆን በስብሰው ነበርና። ባለቤቶቹም የፊተኞቹን ቪኒል መሰንጠቅ ሙሉ በሙሉ በሻጩ ላይ ሊጭኑ አይችሉም፤ የኋላው አግዳሚ ያው ቪኒል ያለ በረኪና ፀሐዩን እንደተቋቋመ ይመሰክራልና።

ከሕግ አንጻር ባለቤቶቹ በመጀመሪያ የያዙት በወቅቱ ይሠራበት የነበረውን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ን ነበር። አዋጁ ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን የተፈጥሮ ሰው በመሆኑ ለንግድ ሥራ ጀልባ የገዛ ድርጅት በዚህ ትርጉም ውስጥ አይወድቅም። የሚያዋጣው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሽያጭ ውል የያዛቸው ድንጋጌዎችና የጽሑፍ ዋስትናው ነበሩ። ሕጉ ገዢው ዕቃውን እንደተረከበ እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያስገድዳል። እዚህ ላይ ባለቤቶቹን የጠቀማቸው ሳያስቡት ያደረጉት ነገር ነው፦ ሮዙ ነጠብጣብ መጀመሪያ እንደታየ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ላይ ለሻጩ ሠራተኛ በቴሌግራም ፎቶግራፍ ልከው «ይህ በምን ይለቃል?» ብለው ጠይቀው ነበር። መልስ አልመጣላቸውም። ያ መልእክት ቀኑን ይዞ ስለተገኘ ጉድለቱ በረኪናው ከመጀመሩ በፊት እንደነበረና ሻጩም እንደተነገረው አረጋገጠ። በእኔ ግምት ከምርመራው ይልቅ ሻጩን ወደ ድርድር ያመጣው ይህ መልእክት ነው።

ስምምነቱ በክፍል በክፍል ተደረገ። የሁሉንም መቀመጫዎች መደብ፣ ስፖንጅ፣ ስቴፕልና ክር፣ እንዲሁም የመሀለኞቹን አራት መቀመጫዎች ቪኒል ሻጩ ቻለ፤ የፊተኞቹን ሁለት መቀመጫዎች ቪኒል ባለቤቶቹ ቻሉ። የእጅ ዋጋው እኩል ተከፈለ። መቀመጫዎቹን ከቢሾፍቱ የማምጣቱና የመመለሱ የመኪና ኪራይ አከራክሮ ሳይወሰን ቀረ።

ምን ይተካ፣ በምን ይተካ

ሻጩ መጀመሪያ ያቀረበው ሐሳብ ሙሉ መቀመጫዎቹን ከፋብሪካው ማስመጣት ነበር፤ ፕሮፎርማውም በሰኔ 2016 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር። ይህ መንገድ በሁለት ምክንያት ተዘጋ። የመጀመሪያው የውጭ ምንዛሪ ነው፦ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው የዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ ፕሮፎርማውም ዋጋ አጣ። ሁለተኛው የጭነት ዋጋ ነው። የአውሮፕላን ጭነት የሚታሰበው በኪሎ ብቻ አይደለም፤ ዕቃው ቀላል ሆኖ ቦታ የሚይዝ ከሆነ 6,000 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር እንደ 1 ኪሎ ይቆጠራል። ርዝመቱ 100፣ ስፋቱ 50፣ ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ መቀመጫ በሚዛን ጥቂት ኪሎ ብቻ ቢሆንም የሚከፈልበት እንደ 12.5 ኪሎ ነው። በሌላ አነጋገር ገንዘቡ የሚወጣው ስፖንጅ ውስጥ ያለውን አየር ለማጓጓዝ ነው። ከዚህም በላይ ከፋብሪካው የሚመጣው መቀመጫ ከታች የታሸገው ያው መቀመጫ እንደሚሆን ሻጩ ዋስትና ሊሰጥ አልቻለም።

ሌላው ጫፍ ደግሞ ሁሉንም ነገር ከመርካቶ መግዛት ነበር። ሶማሌ ተራ አካባቢ በጥቅል የሚሸጠው አርቴፊሻል ሌዘር በአብዛኛው ለመኪና ውስጥ የተሠራ ነው፤ ጀርባው ጥሩ ሹራብ ጨርቅ ያለውና ለመስፋት የሚመች በርካታ ዓይነት ይገኛል። ለጀልባ አይሆንም ያልኩት ጥራት ስለሌለው ሳይሆን ሥራው ሌላ ስለሆነ ነው። የመኪና መቀመጫ የሚኖረው ከመስታወት ጀርባ ነው፤ መስታወትም ቪኒልን ከሚጎዳው የአልትራቫዮሌት ክፍል እጅግ አደገኛውን፣ አጭር ሞገድ ያለውን ጨረር አብዛኛውን ያስቀራል። ያንኑ ልባስ ያለ መስታወት ሐይቅ ላይ ማውጣት ያልታሰበለትን ሥራ ማሠራት ነው። ለሻጋታ የሚከላከል ቅመምም እንደ ጀልባ ቪኒል አይጨመርበትም። ነጋዴዎቹ «ይኼ ለውጭ ይሆናል፣ ለካፌ በረንዳ ወስደውታል» ማለታቸው አይቀርም፤ የፋብሪካውን ዝርዝር መግለጫ ማሳየት የቻለ ግን አልገጠመኝም።

የተመረጠው መካከለኛው መንገድ ነው። ሦስት ነገሮች ብቻ ከውጭ ታዘዙ፦ ለጀልባ የተሠራው ቪኒል፣ የፖሊስተር ክርና የማይዝግ ስቴፕል። ቪኒል 1.37 ሜትር ስፋት ያለው ጥቅል ሆኖ ስለሚመጣ ቦታ አይፈጅም፤ ክርና ስቴፕል ደግሞ ከካርቶን አይበልጡም። ስፖንጁ፣ ኮምፔንሳቶው፣ ኢፖክሲው (እንጨትን ከውሃ የሚከላከል ቅብ)፣ ማስቲሹና የእጅ ሥራው ከአዲስ አበባ ሆኑ። ቪኒሉ እንደ ደረሰ ከጥቅሉ ጫፍ ተቆርጦ ሲታጠፍ ነጭ የመታጠፍ ምልክት አለመተዉ፣ ሲሳብ ከጀርባ ጨርቁ አለመላቀቁና ከፋብሪካው ወረቀት ጋር መመሳሰሉ ታይቶ ነው ወደ መቀስ የገባው።

ስፖንጁ ላይ ብዙ ተነጋገርን። ውሃ ጨርሶ የማይመጥ፣ ቀዳዳዎቹ የተዘጉ ስፖንጅ አለ፤ እንደ ስፖርት ምንጣፍ የጠነከረ ስለሆነ ብቻውን ቢደረግ ተሳፋሪ ግማሽ ሰዓት አይቀመጥበትም። ውሃ እንደ ወንፊት የሚያሳልፈው ለጀልባ የሚሠራው ልዩ ስፖንጅ ደግሞ በጭነት ዋጋው ምክንያት ተተወ። ስለዚህ ከታች 2 ሴንቲ ሜትር ውሃ የማይመጠው፣ ከላዩ ጠንከር ያለ ባለ 30 ዴንሲቲ (የስፖንጅ እምቅነት መለኪያ) ተራ ስፖንጅ ሆነ። አንዳንድ ባለሙያዎች ስፖንጁን በላስቲክ ጠቅልለው ያለብሳሉ፤ እኔ አልተስማማሁም፣ ምክንያቱም በስፌት በኩል የገባ ውሃ ላስቲክ ውስጥ ከገባ የፋብሪካውን ጥፋት በሌላ መልክ መድገም ይሆናል። በምትኩ የታችኛው ስፖንጅ ውሃ የሚወርድበት ቀዳዳ ተበሳ፤ መደቡም በዚያው ልክ ተበሳ።

ኮምፔንሳቶው አዲስ ተቆርጦ፣ ቀዳዳዎቹ ከተበሱ በኋላ እንጂ ከመበሳታቸው በፊት ሳይሆን፣ በሁለቱም ፊት፣ በጠርዙና በየቀዳዳው ውስጥ ሦስት ጊዜ ኢፖክሲ ተቀባ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ ከተቀባ በኋላ የተበሳ እንጨት ውሃ የሚጠጣው በዚያው አዲስ ቀዳዳ ነውና። ከሥር የነበረው ጥቁር ፕላስቲክ ቀርቶ አየርና ውሃ የሚያሳልፍ የፖሊስተር መረብ ገባ። ማስቲሹ ስፖንጁን ከመደቡ ጋር ለመያዝ ብቻ ዋለ፤ ውስጡ ያለው ማሟሟቻ ቪኒልን ስለሚጎዳው ልባሱ በማስቲሽ እንዳይነካ ተደረገ።

ስፌቱ ላይ የታፒሰሪ ቤቱ ልምድና የጀልባው ፍላጎት ትንሽ ተጋጭተው ነበር። አንጋፋው ባለሙያ ለመኪና የለመዱት ስፌት ጠበቅና ቀረብ ያለ ነው፤ ለዓይንም ያምራል። የድሮው ልባስ በስፌቱ መስመር እንዴት እንደተቀደደ ካዩ በኋላ ማሽኑን ራሳቸው ወደ 5 ሚሊ ሜትር እርምጃ አስተካከሉት። ክሩ 90 ቴክስ (የክር ውፍረት መለኪያ) ፖሊስተር፣ መርፌው ቁጥር 18 ነበር። ስፌቶቹም ሰው ከሚቀመጥበት ላይኛው ፊት ወደ ጎን ወረዱ፤ ውሃ የሚቆምበት ቦታ ላይ የመርፌ ቀዳዳ እንዳይኖር ማለት ነው። ይህ የመጨረሻው ማሻሻያ የእሳቸው ሐሳብ ሲሆን ከጠቅላላው ሥራ የበለጠ የወደድኩት እሱን ነው።

የኋላው አግዳሚ ቪኒል ደህና ስለነበር አልተተካም። ክሩ ብቻ ተፈትቶ በአዲሱ ፖሊስተር እንደገና ተሰፋ፤ ማሽኑም በሞተር ሳይሆን በእጅ እየተዞረ መርፌው በድሮዎቹ ቀዳዳዎች ብቻ እንዲያልፍ ተደረገ፤ በአሮጌ ቪኒል ላይ አዲስ ቀዳዳ መጨመር መቀደድን መጋበዝ ነው። ሥራው አድካሚና ቀርፋፋ ነበር፤ በእጅ ዋጋ ግን ከአዲስ ልባስ ረክሷል።

ከተተኩ በኋላ

መቀመጫዎቹ ሲመለሱ አብሮ የተላከው የአጠባበቅ ወረቀት አጭር ነው። ጽዳቱ በለዘብተኛ ፈሳሽ ሳሙናና በለስላሳ ቡሩሽ ሆኖ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ በረኪና፣ አልኮልና ቤንዚን ወደ መቀመጫ አይቀርቡም። የትንኝ መከላከያ ቅባቶች፣ በተለይ ዲት የተባለው ንጥረ ነገር ያለባቸው፣ ፕላስቲክን ስለሚያሟሙ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባትም ቪኒልን ስለሚያቆሽሽ ተቀብቶ የመጣ ተሳፋሪ ከተነሣ በኋላ ቦታው ወዲያው ይታጠባል። ጀልባዋ ሳትሠራ ስትቀር የሚሸፍናት ሸራ በመቀመጫዎቹ ላይ እንዳይተኛ በገመድ ከፍ ተደርጎ ይወጠራል። በክረምት መቀመጫዎቹ ተነሥተው በጎናቸው ይቆማሉ፤ ቀድሞ ወራቱን ሁሉ ላስቲክ ለብሰው ጠፍጣፋ ይተኙ ነበር፤ ይህም ለሻጋታው የራሱን ድርሻ አበርክቷል ብዬ አምናለሁ።

አዲሶቹ መቀመጫዎች በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተገጠሙ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ከመሀለኞቹ አንዱ በሁለቱ ወገኖች ስምምነት ከሥር ተከፍቶ ታየ፦ ስፖንጁ ደረቅ፣ ስቴፕሎቹ ንጹሕ፣ የእንጨቱ ጠርዝ ያላበጠ ሆኖ ተገኘ፤ ሮዝ ነጠብጣብ በየትኛውም መቀመጫ ላይ አልታየም። የፊተኞቹ ነጭነት በጥቂቱ ቀንሷል፤ ክራቸው ሲሳብ አይበጠስም። አንድ ጉድለት ግን ተገኝቷል፦ ከፊተኞቹ የግራው መቀመጫ መደብ ላይ ከተበሱት ቀዳዳዎች ሁለቱ በጀልባዋ መወጣጫ ፋይበርግላስ ላይ ስለሚያርፉ ውሃ አያወርዱም ነበር፤ መቀመጫው ከሥሩ በአራት የጎማ እግሮች 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ተደርጎ ተስተካክሏል። ሻጩ በዚያው ሰሞን ከዚያው ፋብሪካ ባስመጣው ሌላ ጀልባ መቀመጫዎች ሥር ያለውን ፕላስቲክ ከማስረከቡ በፊት አስነሥቶ መረብ አስደርጓል፤ የመኪና ኪራዩን ግን እስካሁን ማንም አልከፈለም።